ቀይዋን ልግዛ ወይስ ብርማዋን?

«ውድ እትዬ፣

ዓምድዎን ሳነብ ከርሜ ዛሬ ገና ልጽፍልዎ ደፈርኩ። ሰው ስንት ከባድ ነገር በሚያነሳበት ቦታ የመኪና ጉዳይ ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል፤ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእህል ንግድ አለኝ፤ የተወለድኩት ግን ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ልጅ ሆኜ ሉማሜ አክስቴ ዘንድ እየሄድኩ መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ዝቅ ያለች ቀይ መኪና እፊቴ እልም ብላ አለፈች። ድምፅዋ ካለፈች በኋላም ደረቴ ውስጥ ቀረ። ቶዮታ ሴሊካ እንደምትባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የያዘኝ ምኞት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባለፈው ወር ዕቁብ ወጣልኝ፤ ካጠራቀምኩት ጋር ሲደመር ያገለገለች ሴሊካ ለመግዛት ይበቃኛል።

ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛዋ ባሕር ዳር ናት። ብርማ ቀለም፣ ፋብሪካ እንዳወጣት ያለች፣ 164 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የሹፌሩ ወንበር ትንሽ ተቀዷል።

ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ ቀይ ናት እትዬ! 98 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው። ሞላዋ ተቀይሮ ዝቅ ብላለች፤ ሰፋፊ ቸርኬ አላት፤ ማርሚታዋ ተቀይሮ ስትነሣ ሰፈሩ ዞሮ ያያል። ከሁሉ በላይ ቱርቦ ተገጥሞላታል። የሚሸጣት ልጅ አንድ ጊዜ ይዞኝ ወጣ፤ ሲረግጣት ወንበሩ ወደ ኋላ ሳበኝ። ያ የልጅነት ድምፅ ራሱ ነው። ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ከብርማዋ በ120 ሺህ ብር ቀንሶ ይሸጥልኛል። ‹ምንም የማይሠራባት ናት› ይላል። ቀብድ ካላስያዝኩ ግን ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ‹ቪትዝ ገዝተህ በቀረው ቤት ጀምር፤ ልጅነትህ አልለቀቀህም› ብሎ ተቆጣኝ። እናቴ ‹ገዛህ ሲሉኝ መጥተህ ታሳየኛለህ› ብቻ አለችኝ። እጮኛዬ ባሕር ዳር ነርስ ናት። የቀይዋን ቪዲዮ ላክሁላት። ‹የወደድካትን ግዛ› አለችኝና ዝም አለች። ዝምታዋ ከወንድሜ ቁጣ ይልቅ ከብዶኛል። ምን ላድርግ?

ተ. ከደብረ ማርቆስ»

ወንድሜ ተ.፣

መጀመሪያ ይህን እፍረት ተወው። እሸት እየሸጠ ያየውን ነገር ሃያ ዓመት ልቡ ውስጥ ይዞ፣ በእህል ንግድ ላቡን ጠብ አድርጎ ገንዘቡን ያጠራቀመ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለውም። ወንድምህ የተቆጣው ስለሚያስብልህ ነው። የቤቱን ነገር ከእሱ ጋር ሌላ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገሩበታላችሁ። የጠየቅኸኝ ከሁለቱ የትኛዋ እንደምትሻልህ ስለሆነ እሱን ላውራህ።

ስለ መኪና የማወራው በድፍረት እንዳይመስልህ። አባቴ እዚያው ደብረ ማርቆስ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ከትምህርት ቤት መልስ የእኔ ሥራ ባትሪ ማብራት ነበር። እሱ መኪናው ሥር ተኝቶ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» ሲለኝ እጄ እየዛለ አበራለታለሁ። ዘይት ያረፈበት የአባቴ እጅ አሁንም ይሸተኛል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለብርማዋ የሰጠሃት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ቀይዋ ላይ ስትደርስ ብዕርህ ሮጠ። ልብህ የት እንዳለ ስላሳየኝ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። ብርማዋ ያንተ ብትሆን፣ አቁመሃት ስትሄድ ዞር ብለህ ታያታለህ? ካላየሃት እኔ የምመክርህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የማይወዱትን መኪና መንከባከብ ይከብዳል። ትንሽም ቢሆን ዞር የምትል ከመሰለህ ግን አብረን እንቀጥል።

ለቀይዋ መመስከር ያለብኝን ላስቀድም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የሴሊካ መደበኛው 1.8 ሊትር ሞተር ፋብሪካው 140 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይለዋል፤ እኛ ደጋ ላይ ግን ያን ያህል አይሰጥህም። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን ይመልሳል። ስለዚህ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲስብህ የተሰማህ ነገር እውነት ነው፤ ብርማዋ ያንን አትሰጥህም። ከገዛሃት በኋላ «ምነው አልሳበችኝም» ብለህ እንዳትከፋ አሁኑኑ እወቀው።

ችግሩ ያ ሞተር ለቱርቦ አለመሠራቱ ነው። ፋብሪካ ቱርቦ የሚገጥምለት ሞተር ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት መጠን ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። የዚህኛው ግን 10 ለ1 ነው፤ ያለ ቱርቦ ጥሩ ነው፣ በቱርቦ ላይ ግን ብዙ ነው። እላዩ ላይ ተጨማሪ አየር ሲገባ ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል፤ መካኒኮች «ታንኳኳለች» የሚሉት እሱን ነው። ያ ማንኳኳት ፒስተን ይበላል። ሠለጠን ባለ እጅ፣ ነዳጅ መርጫው ተቀይሮ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ተስተካክሎ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከተገጠመ ይሄዳል። ውጭ አገር ያለ ሰው ደግሞ ማንኳኳትን የሚቋቋም የተሻለ ቤንዚን ገዝቶ ራሱን ያግዛል። እኛ ማደያ ላይ የምናገኘው ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ጠፍቶ በጄሪካን የተገዛ ዕለት ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቀው። ልጁን «ቱርቦውን ማን ገጠመው? ኮምፒውተሩን ማን አስተካከለው?» ብለኸዋል? ደብዳቤህ ውስጥ አላገኘሁትም።

ያላገኘሁት ሌላም አለ። ሞላ አልክ፣ ቸርኬ አልክ፣ ማርሚታ አልክ፣ ቱርቦ አልክ። ፍሬን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንድ ያለፍኩበት ነገር አለና። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ የባለቤቴ ወንድም እንደ ቀይዋ የተነካካች መኪና ገዝቶ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ አብሬው መጣሁ። ደስታው ፊቱ ላይ ያበራ ነበር። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርድሃል። አስፋልቱን መሬቱ እየገፋው ቦታ ቦታው ላይ እንደ ማዕበል ተጣጥፏል። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለነበረች እያንዳንዱ እጥፋት ላይ ሆዷ ይፋቃል፤ ኩርባ ላይ ሰፊው ጎማ ላሜራውን ይነካና ጭር ይላል። በከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ ሲገባው ፍሬን እየረገጠ ወረደ። ሞተሯ ጉልበት ተጨምሮለት ነበር፤ ፍሬኗ ግን የድሮው ነው። ድልድዩ ከመድረሳችን በፊት የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ፔዳሉ ልል ሲል እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንደምንም ዳር ይዞ አቆማት። ሙቀቱ ከቸርኬው እየተነሣ ፊታችንን ይገርፈናል፤ ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አንድ ሰዓት ቆመን እስክትበርድ ጠበቅን። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም።

ይህን የነገርኩህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ያን ዕለት ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ ፈርቼ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አልተናገርኩም። ዝም ያልኩት ደስታውን ላለመንካት ነው። የእጮኛህን ዝምታ ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ የጎን ወንበር ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እሷ የምታስበው የቤት ኪራዩን ወይም ሠርጉን ሊሆን ይችላል። ደግሞ ነርስ ናት፤ ከመኪና አደጋ የሚመጣ ሰው ስታክም ውላ ይሆናል ቪዲዮህን የከፈተችው። «የወደድካትን ግዛ» የሚለው ቃል ፈቃድም ይሆናል፣ ስጋትም ይሆናል። በስልክ አይታወቅም። ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ እሷ ጠይቃት፤ «ጎኔ ተቀምጠሽ ስናስበው ምን ይሰማሻል?» በላትና እስክትጨርስ አድምጣት፤ ወዲያው ስለ ቱርቦው አታስረዳት።

ሌላዋ ዝም ያለች ሴት እናትህ ናት። «መጥተህ ታሳየኛለህ» ብላሃለች። ከቢቸና ወጥቶ ያንተ ቀበሌ ድረስ ያለውን መንገድ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጠጠር ነው? ክረምት ላይ ጭቃው ይይዛል? መሐል ላይ የተነሣ ድንጋይ አለ? ፋብሪካ እንዳወጣት ያለች ሴሊካ ራሷ ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፤ ቀስ ብለህ፣ ጎማህን ድንጋይ ላይ እየመረጥክ ታደርሳታለህ። ሞላዋ የተቀነሰላት ግን ከአስፋልቱ ጫፍ ላይ የምትቀር ይመስለኛል። ያኔ እናትህ መኪናህን ለማየት በባጃጅ ልትመጣልህ ነው።

ስለ ዋጋው ደግሞ፣ 120 ሺህ ብር መቀነሱ እኔን ከማስደሰት ይልቅ አሳስቦኛል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችው መኪና ሁሉ ዋጋዋን ይዛ ቆማለች። እንዲህ በሆነበት ጊዜ ያን ሁሉ ዕቃ የተጨመረላት መኪና ምንም ካልተነካችው በታች ስትሸጥ ምክንያት አላት። ምክንያቱ የልጁ ጉዞ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም 98 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ሳይሆን እንዴት እንደተነዳች ጠይቅ፤ የ26 ዓመት ጎረምሳ በቱርቦ የነዳው ኪሎ ሜትርና ጡረተኛ ሰው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የነዳው ኪሎ ሜትር አንድ አይደለም። (የልጁን ዕድሜ አልጻፍክልኝም፤ ወጣት ነው ብዬ ገምቼ ነው።)

እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ሲከበር አይተህ ይሆናል። ፈረሱ በጌጥ ሲንቆጠቆጥ ዓይን ያፈዛል። ፈረስ የሚገዛ አዋቂ ግን ጌጡን አስወልቆ፣ ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን ይዳብሳል፤ ቁስሉ የሚገኘው እዚያ ነው። የቀይዋም ኮርቻ ይነሣ። መሄድህ ካልቀረ የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ልጁ የሚመርጥልህን አይደለም። ጠዋት ማለዳ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ድረስ፤ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ኮፈኑን በእጅህ ስትነካው ታውቀዋለህ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያወጣው ጭስና ድምፅ ብዙ ይናገራል። አራቱንም ካንዴላ አስፈታ። ጫፋቸው ነጣ ብሎ ከተጠበሰ፣ ወይም ጥቃቅን የብረት ብናኝ ካረፈበት፣ ያ ሞተር ሲያንኳኳ ኖሯል ማለት ነው። የእያንዳንዱን ፒስተን የእመቃ ልክ፣ ማለትም አየሩን የሚጨምቅበትን ኃይል፣ አስለካ፤ አራቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ጌጧን ትተህ ተመለስ። የወለቁት ዕቃዎች፣ የድሮው ሞላ፣ የድሮው ማርሚታ፣ አሉ ወይ በለው። አውልቆ የጣለና አውልቆ ያስቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም። «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ» ብሎ ከተቆጣ መልስህን አገኘህ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀብድ አትክፈል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የከፈለ ሰው ውሉን እምቢ ካለ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ልጁ የሚቸኩለው በጉዞው ነው፤ አንተ ግን ምንም የሚያስቸኩልህ የለም። «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» የሚለውን ደላላ ሁሉ ይለዋል። ሊብሬውን ተቀብለህ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አስተያይ፤ ቀለሟም በሊብሬው ላይ እንደተጻፈው ቀይ መሆኑን እይ። ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣራ። ቦሎ ለማደስ ምርመራ ስትገባ ያ ማርሚታ ችግር ያመጣብህ እንደሆነ ጠይቅ። መድን ድርጅቱም ቱርቦ መጨመሩን አስቀድሞ ይወቅ፤ ያልነገርከው ነገር ካሳ በምትጠይቅበት ዕለት ጣጣ ያመጣል።

ብርማዋም ቢሆን መልአክ አይደለችም። የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት፣ በፈረንጆቹ እስከ 2002 ገደማ የተሠራው፣ ዘይት በመብላት ይታማል፤ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ነው። የተሠራችበትን ዓመት እይ። የዘይት መለኪያዋን አውጥተህ ደረጃውን ተመልከት፤ ሞቃ ሳለች አንድ ሰው ነዳጅ ይርገጥልህና ከኋላ ቆመህ ሰማያዊ ጭስ እንዳለ ተመልከት። ባለቤቷን «በስንት ጊዜ ዘይት ይጨምሩባታል?» በላቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ደብተር ይዘው ይሆናል፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን በእስክሪብቶ የጻፉ ከሆነ ያንን ደብተር ከመኪናዋ እኩል ተቀበላቸው። የተቀደደው ወንበር ምንም አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ቆንጆ አድርገው የሚሰፉልህ አሉ።

ፍርዴን ከፈለግህ ብርማዋን ግዛ እላለሁ። ቀይዋ ላይ ያየኸው ምኞት የሻጩ ነው፤ የጀመረውም እሱ፣ የደከመውም እሱ ነው። ምን እንደተሳሳተ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው። መንገድ በሚዘጋጋበት በዚህ ጊዜ የቱርቦ ዕቃ ቢጎድልህ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠህ ከየት ታመጣዋለህ? የብርማዋን ፍሬን ሸራና የዘይት ማጣሪያ ግን ጋራዡ ባያገኘው እንኳን ያስመጣልሃል።

ብርማዋን ብትገዛም ምኞትህ አይቀበርም። መጀመሪያ አራት ጥሩ ጎማ ግዛላት። ቀጥሎ ፍሬኗን ሸራውን፣ ዲስኩን፣ ፈሳሹን ጭምር አሳድስ፤ ከዚያ አሞርዛተሩን። ስድስት ወር ከነዳሃት በኋላ እጅህ ምን እንደሚጎድላት ራሱ ይነግርሃል። ያን ድምፅ አሁንም ከናፈቅህ ማርሚታ ብቻ አስቀይር፤ የወለቀውን ጠቅልለህ ቤት አስቀምጠው። ቀለሙንም ሊብሬው ላይ አስመዝግበህ ቀይ ማድረግ ትችላለህ! ያኔ ሉማሜ ላይ እሸት የሚሸጥ ሌላ ልጅ ቆሞ ያያት ይሆናል። ዕቁቡን ግን እስከ መጨረሻው ሳንቲም አታውጣው፤ ቢያንስ የጎማውንና የፍሬኑን ዋጋ ለይተህ አስቀምጥ።

ይህን ሁሉ ብዬህም ልብህ ከቀይዋ ላይ ካልተነሣ አልቀየምህም። ካንዴላው ንጹሕ ከሆነ፣ የፒስተኖቹ እመቃ ተቀራራቢ ከሆነ፣ የሠራት ሰው በስልክ ተገኝቶ ምን እንዳደረገ ካስረዳህ፣ የድሮው ሞላ ካለና መልሰህ ታስገጥመዋለህ ብለህ ካሰብክ፣ ግዛት። ፍሬኗን ሳታሻሽል ግን በዓባይ በረሃ አታምጣት፤ ይህን እለምንሃለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርግልኝ። በዚህ እሑድ እናትህ ዘንድ በአውቶቡስ ሂድ። ከቢቸና በኋላ ያለውን መንገድ በእግርህ ውረድና መሐሉ ላይ የተነሣውን ጉብታ በስንዝር ለካው። ከዚያ ለሁለቱም ሻጮች ደውለህ መኪናዎቹ ከመሬት ስንት ስንዝር እንደሚነሡ ጠይቃቸው። እጮኛህ የነገረችህንም ጽፈህ ላክልኝ፤ እጠብቃለሁ።

እትዬ